በቢቸናና በሞጣ ትምህርት ቤቶች የሃይማኖት ልዩነትና የተማሪዎች ጓደኝነት

በቢቸናና በሞጣ ከተሞች የወጣት ተማሪዎችን ጓደኝነት የሚለየው መስመር ከብሔር ይልቅ ሃይማኖት ነው። ከተሞቹ የሚገኙበት ምሥራቅ ጎጃም ዞን በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ 2,153,937 ነዋሪዎች ነበሩት። ከእነዚህ ከ99 በመቶ በላይ አማሮች፣ ከ97 በመቶ በላይ የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመናን፣ 2.5 በመቶ ያህሉ ሙስሊሞች ነበሩ። የጎጃም ሙስሊሞች ለረጅም ዘመን በንግድና በሽመና ሲተዳደሩ የኖሩ በመሆናቸው በአብዛኛው የገበያ ከተማ ሰዎች ናቸው። ስለዚህ ከገጠር ቀበሌ መጥቶ፣ ቤት ተከራይቶ 9ኛ ክፍል የሚጀምር ክርስቲያን ተማሪ ከሙስሊም እኩያው ጋር ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድ ወንበር የሚቀመጠው ያኔ ሊሆን ይችላል። የከተማው ልጅ ግን አብሮ አደጉን ይዞ ነው ክፍል የሚገባው።

የቁጥሩ ማነስ የጓደኝነቱንም መልክ ይወስናል። የማኅበራዊ ሳይንስ ምሁሩ ፒተር ብላው በ1977 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ሥራው እንዳሳየው፣ ከሌላው ወገን ጋር መቀራረብ ሁልጊዜ ከብዙኃኑ ይልቅ በአናሳው ዘንድ ይበረክታል። 60 ተማሪዎች ባሉበት ክፍል 3 ሙስሊሞች ቢኖሩና እያንዳንዳቸው ሁለት ሁለት ክርስቲያን ጓደኞች ቢይዙ፣ ሦስቱም ከሃይማኖታቸው ውጭ ጓደኛ አላቸው፤ ከ57ቱ ክርስቲያኖች ግን ቢያንስ 51ዱ የላቸውም። ሙስሊሙ ልጅ የጓደኛውን አጽዋማትና በዓላት ሳይማር ያውቃቸዋል። ክርስቲያኑ ግን ስለ ሶላትና ስለ ረመዳን ካልነገሩት በቀር የሚያውቀው ጥቂት ነው። ይህ የቁጥር ውጤት እንጂ የክፋት አይደለም፤ ቢሆንም አለማወቁ ዝም ከተባለ ለአሉባልታ በር ይከፍታል።

ጎርደን ኦልፖርት በ1954 እ.ኤ.አ. ባቀረበው ታዋቂ ትንታኔ መሠረት መገናኘት ጥላቻን የሚቀንሰው ሰዎቹ በእኩልነት ሲገናኙ፣ የጋራ ግብ ሲኖራቸው፣ ሲተባበሩና ሕግና ባለሥልጣን ሲደግፋቸው ነው። በኢትዮጵያ የሕጉ ድጋፍ የዘገየ ነበር። ሙስሊሞች ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. ክርስቲያኖችም በተቀላቀሉበት ታላቅ ሰልፍ እኩልነትን ከጠየቁ በኋላ ነው ኢድ አልፈጥር፣ አረፋና መውሊድ ብሔራዊ በዓላት የሆኑት። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 90 ደግሞ ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነፃ በሆነ መንገድ እንዲሰጥ ይደነግጋል። በተግባር የሚወስነው ግን የዕለት ተዕለት አሠራሩ ነው፦ መምህሩ የቡድን ሥራ ሲሰጥ ማንን ከማን ጋር እንደሚያቀላቅል፣ ፈተና ዓርብ በጁምዓ ሰዓት ይሰጥ እንደሆነ፣ የትምህርት ቤቱ ሚኒ ሚዲያ የበዓል መልካም ምኞት ለሁለቱም ወገን ይነበብ እንደሆነ።

ጓደኝነቱ በግልጽ የሚታየው በምግብ ላይ ነው። ክርስቲያኑ የእስላም ሥጋ፣ ሙስሊሙም የክርስቲያን ሥጋ አይበላም። ይህን ገና በልጅነቱ የማያውቅ የለም፤ ስለዚህ በበዓል ቀን ጓደኛውን የጠራ ልጅ እናት ለእንግዳው ሽሮ ወይም ምስር ለብቻ ትሠራለች። የሚገርመው፣ ገበታውን ይበልጥ የጋራ የሚያደርገው የክርስቲያኑ ጾም ነው። ረቡዕና ዓርብ፣ በዐቢይ ጾም 55 ቀናትም፣ ሥጋና ወተት ስለማይቀርብ ሁለቱ ልጆች ያለ ጥያቄ ከአንድ ትሪ ይቆርሳሉ። በረመዳን ደግሞ ብዙ ክርስቲያን ተማሪዎች በሚጾም ጓደኛቸው ፊት ላለመብላት ይጠነቀቃሉ። የሴቶች ጓደኝነት ከወንዶቹ ይልቅ ለቤተሰብ ቁጥጥር የተጋለጠ ነው፤ በወንድና በሴት መካከል ሲሆን ደግሞ ጋብቻን ያስፈራልና ቶሎ ይገታል። አለባበስም ጥያቄ ያስነሣል። በ2017 ዓ.ም. በአክሱም ሒጃብ የለበሱ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ከትምህርት ገበታ መከልከላቸው ጉዳዩን ፍርድ ቤት አድርሶታል።

ይህ መቀራረብ ከባድ ፈተና የገጠመው ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓርብ በሞጣ መስጊዶች ተቃጠሉ፤ የሙስሊሞች ሱቆችም ተዘረፉ፣ ወደሙ። ድርጊቱ በመላ አገሪቱ ተወግዟል፤ የሙስሊሞች ተቃውሞ ሰልፎችም ተከትለዋል። አንድ ክፍል የሚማሩ ልጆች ከሰኞ ጀምሮ እንዴት ዓይን ለዓይን ይተያያሉ የሚለው ጥያቄ ከተቃጠለው ንብረት ያላነሰ ክብደት ነበረው። በግል ጓደኛን መውደድ የተቆጣ ሕዝብን ለማቆም ብቻውን አይበቃም፤ የጸጥታ አካላትና የሃይማኖት አባቶች ቀድሞ መድረስ ነበረባቸው።

የብሔር ልዩነት ለእነዚህ ልጆች በዋናነት የሚመጣው ከ12ኛ ክፍል በኋላ፣ ትምህርት ሚኒስቴር ወደ ሌላ ክልል ዩኒቨርሲቲ ሲመድባቸው ነው። በ2012 ዓ.ም. መጀመሪያ በወልድያ ዩኒቨርሲቲ ሁለት ተማሪዎች ሲገደሉና በበርካታ ግቢዎች ብሔር ተኮር ግጭት ሲነሣ፣ ብዙ ወላጆች ልጆቻቸውን ከአገራቸው አርቀው ለመላክ ፈርተዋል። በክርስቲያን ብዙኃን መካከል ያደገ የሞጣ ሙስሊም ተማሪ አናሳ ሆኖ መኖርን ቀድሞ ለምዶታል፤ ክርስቲያኑ አብሮ አደጉ ግን አናሳ መሆንን የሚያየው ገና እዚያ ሲደርስ ነው።

ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በአማራ ክልል የቀጠለው የትጥቅ ግጭት በምሥራቅ ጎጃም በርካታ ትምህርት ቤቶችን ዘግቷል። በዚህ ምክንያት የከተማዎቹ ልጆች በሰፈርና በእድር የቆየ ጉርብትና ላይ ተመርኩዘው ሲገናኙ፣ ከገጠር ይመጡ የነበሩት ግን ከሌላ ሃይማኖት እኩዮቻቸው ጋር የሚያገናኛቸውን ዋና ቦታ አጥተዋል።