ሊብሬው የማያውቀው ሞተር፦ የአንድ ቮልስ ታሪክ ከቮልፍስቡርግ እስከ ሞያሌ

ባለፈው ዓመት አንድ ገዢ ግቢያችን መጣ። አሮጌ ቮልሶችን እያሰባሰበ ወደ አውሮፓ ለሚልክ ነጋዴ የሚሠራ ሰው ነው። የአባቴን መኪና ዞሮ ዞሮ አየ፣ ቀለሙን በጥፍሩ ነካ ነካ አደረገ፣ የኋላውን ኮፈን ከፍቶ በስልኩ መብራት ሞተሩን አየና ሊብሬውን ጠየቀኝ። ሁለቱን ቁጥሮች ሲያስተያይ ፊቱ ተለወጠ። «ወንድሜ፣ ይሄ ሞተር እኮ የዚህ መኪና አይደለም» አለኝ። ወዲያው ካቀረበው ዋጋ ላይ ሲሶውን ቀነሰ። ሊወጣ ሲል ግን ዞር ብሎ፣ «ኦሪጅናሉን ፈልገህ ከገጠምክለት በመጀመሪያው ዋጋ እወስደዋለሁ» አለ።

ስለ ቁጥሩ አልተሳሳተም። ሊብሬው ላይ የሞተሩ ቁጥር የሚጀምረው በ«ኤፍ» ፊደል ነው፤ ሞተሩ ላይ የተመታው ግን በ«ኤ-ዲ» ይጀምራል። ይህ ሞተር ከናይሮቢ በሞያሌ በኩል በጭነት መኪና ተጭኖ የመጣ ነው። ስለዚህ ነገሩ የእኔና የአባቴ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ እናንተም፣ ያንን መንገድ የምትመላለሱት፣ ያለችሁበት ታሪክ ነው። ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

መኪናው ከየት መጣ?

ቮልስ ጥሩ ስም ያለው መኪና ቢሆንም አጀማመሩ ጥሩ አልነበረም። ፈርዲናንድ ፖርሼ የነደፈው ለሂትለር መንግሥት ነው፤ የፋብሪካው የመሠረት ድንጋይም በግንቦት 1938 (እ.ኤ.አ.) ተጣለ። ከ300,000 በላይ ጀርመናውያን መኪናውን ለመግዛት በየሳምንቱ ቴምብር እየገዙ ቆጥበው ነበር፤ አንዳቸውም በዚያ ቁጠባ መኪና አልደረሳቸውም። ጦርነቱ መጣ፣ ፋብሪካው በግዳጅ ሠራተኞች የጦር መሣሪያና የወታደር መኪና ማምረቻ ሆነ። ጦርነቱ ሲያበቃ በቦምብ የተደበደበውን ፋብሪካ ያስነሳው አይቫን ሂርስት የተባለ የእንግሊዝ ሻለቃ ነው። በ1945 የእንግሊዝ ጦር 20,000 መኪና አዘዘ፣ ሥራውም ቀጠለ።

ከዚያ በኋላ ያለው ሩጫ ነው። የካቲት 17 ቀን 1972 (እ.ኤ.አ.) 15,007,034ኛው ቮልስ ሲወጣ የፎርድ ሞዴል ቲን ክብረ ወሰን ሰበረ። የመጨረሻው አሮጌ ቅርጽ ቮልስ ሐምሌ 30 ቀን 2003 ሜክሲኮ ውስጥ ሲወጣ ቁጥሩ 21,529,464 ደርሶ ነበር።

ለእኛ አካባቢ ስሙን የተከለለት ግን የምሥራቅ አፍሪካ ሳፋሪ ውድድር ነው። ጭቃና አቧራ ውስጥ ትልልቆቹ መኪኖች እየቀሩ ቮልስ በ1954፣ በ1957 እና በ1962 (እ.ኤ.አ.) አንደኛ ወጣ። ውኃ የሌለው፣ በአየር የሚቀዘቅዝ ሞተር ነው፤ የሚፈላ ራዲያተር የለውም። ኬንያ ውስጥ ቮልስ በረከተ፤ መኪናው ከበረከተበት ደግሞ መለዋወጫውም አይጠፋም። ይህን ልብ በሉልኝ፣ እመለስበታለሁ።

አዲስ አበባ ሲገባ

በአዲስ አበባ ቮልስ የአስተማሪው፣ የነርሷ፣ የመንግሥት ሠራተኛው መኪና ሆነ። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ ንጉሠ ነገሥቱን ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ወደ አራተኛ ክፍለ ጦር የወሰዳቸውም በቮልስ ነው። በሮልስ ሮይስ የኖሩት ንጉሥ በሁለት በር መኪና፣ የፊቱ ወንበር ታጥፎላቸው ከኋላ ገቡ። ያንን ቀን ያየ ትውልድ ቮልስ ሲያይ ዛሬም ትዝ የሚለው ነገር አለ።

የሚገርመኝ ሌላው ነገር ቋንቋው ነው። መኪናው ጀርመን፣ ባለቤቱ ኢትዮጵያዊ፣ የጋራዡ ቃል ግን ጣሊያንኛ። ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ካንዴላ፣ ቺንጋ፣ ማርሚታ፣ ኩሽኔታ፣ ፓራፋንጎ። ላሜራውን የሚያቃናው ባትላሜራ፣ ብረቱን የሚቀርጸው ቶርኖ ቤት። ጣሊያኖቹ ሄዱ፣ ሙያውና ቃሉ ከልጅ ልጅ ተላለፈ። የጀርመን መሐንዲስ አዲስ አበባ ጋራዥ ቢገባ የራሱን መኪና ዕቃ ስም አያውቀውም።

ድንበሩ የሚያሳልፈውና የማያሳልፈው

የአባቴ መኪና የሻንሲ ቁጥር የሚጀምረው በ117 ነው። ከኋላ ወንበር ሥር፣ መሐል ላይ ተመትቶ ታገኙታላችሁ። ከ1965 እስከ 1969 ሞዴል ባሉት ላይ 11 ቮልስ መሆኑን፣ ሦስተኛው አኃዝ የሞዴሉን ዓመት ይናገራል። የፋብሪካው ዓመት የሚጀምረው በነሐሴ ስለሆነ 117 ማለት ከነሐሴ 1966 እስከ ሐምሌ 1967 (እ.ኤ.አ.) የተሠራ ማለት ነው። ቮልስ ልትገዙ ስትሄዱ ቀለም አይታችሁ አትከራከሩ፤ ወንበሩን አንሱና ቁጥሩን አንብቡ።

«ኤፍ» የሚለው የሞተር ፊደል ባለ 1300፣ 40 የፈረስ ጉልበት ማለት ነው። አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በዚያ ሞተር ደርግን ከጫፍ እስከ ጫፍ ጨረሰ። አዲስ መኪና ብርቅ፣ ነዳጅ በኩፖን፣ መለዋወጫ የተገኘውን ያህል በሆነበት ዘመን ፒስተን ቶርኖ ቤት እየተሰጠ፣ የአንዱ ካርቡሬተር ለሌላው እየተገጠመ ተኖረ። በ1986 ዓ.ም. ግን ሞተሩ ለይቶለት ሞተ። ሦስተኛው ሲሊንደር ነው የሄደው። በእነዚያ ሞተሮች የዘይት ማቀዝቀዣው የአየሩን መንገድ ስለሚከልልበት ያ ሲሊንደር ከሌሎቹ ይበልጥ ይግላል።

ሶማሌ ተራ ተፈለገ፣ የተገኘው ሁሉ ከእሱ የባሰ። ያኔ የአባቴ ጓደኛ የሞያሌ መንገድ ነጋዴ ነበር። ቦሎቄ ወስዶ ሲመለስ ከናይሮቢ አንድ ሞተር በጆንያ ጠቅልሎ አመጣለት። ከኢሲዮሎ እስከ ሞያሌ ያኔ አስፋልት አልነበረም፤ ሞተሩ ያንን ሁሉ ኮረኮንች እየተንገጫገጨ መጣ።

ለምን ሞተር ብቻ መጣ? እዚህ ላይ የመንገድ ሕግ ይገባል። ኢትዮጵያ በ1956 ዓ.ም. ከግራ ወደ ቀኝ መንዳት ተሸጋገረች፤ ኬንያ በግራ እንደነዳች ቀረች። ስለዚህ ከናይሮቢ የሚመጣው መሪ፣ ፔዳል፣ ዳሽቦርድ፣ የፊት መብራት መስታወት ለእኛ አይሆንም። ሞተርና ካምቢዮ ግን ግራ ቀኝ አያውቁም። ኮፈን፣ ፓራፋንጎና ቸርኬም እንዲሁ። ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ የራሱ ዳሽቦርድ ያለው፣ የሰው ሞተር የተሸከመ ቮልስ ብታዩ የዚህ ውጤት ነው። ለማውለቁም ቀላል ነው፤ ሞተሩን ከካምቢዮ ጋር የያዙት አራት ብሎኖች ናቸው። ሁለት ሰውና አንድ ክሪክ ካለ ምሳ ሳይደርስ ይወርዳል።

አባቴ ምን አደረገ?

የመጣው ሞተር ባለ 1600፣ 50 የፈረስ ጉልበት ነው። ከ1970 (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ አካባቢ ጀምሮ የተሠራ ዓይነት፣ የዘይት ማቀዝቀዣውም ከሲሊንደሮቹ መንገድ የወጣለት። ችግሩ፣ የእኛ መኪና ባለ 6 ቮልት ነው፤ ሞተሩ ግን የባለ 12 ቮልት ዘመን ነው። የአሮጌው ፍላይዊል 109 ጥርስ፣ የአዲሱ 130 ጥርስ። ክቡ ሰፋ ስለሚል የካምቢዮው ቤት ውስጥ አይገባም፣ ይገጨዋል።

ልጅ ሆኜ የማስታውሰው ይህንን ነው። አባቴ የካምቢዮውን አፍ ውስጡን በሞረድ ሲሞርድ፤ ትንሽ ሞርዶ ይለካል፣ እንደገና ይሞርዳል። ቀዳዳዎቹን በጨርቅ ወትፎ፣ ብናኙ ወደ ውስጥ እንዳይገባ። አራት ቅዳሜና እሑድ ፈጀበት። ከዚያ ሞተሪኖው ተቀየረ፣ አምፖሎቹ ሁሉ ተቀየሩ፣ ባትሪው 12 ቮልት ሆነ። እናቴ «ይህን ያህል ከለፋህ አዲስ መኪና በሠራህ» ስትለው የሰጠው መልስ «የማውቀውን ልተውና የማላላውቀውን ልግዛ?» የሚል ነበር።

አባቴን ትልቅ ሞተር ለምን እንደፈለገ ጠይቄው አላውቅም። ጉራ ይመስለኝ ነበር።

በ2012 ስጀምረው

ኮሮና ቤት ሲያስቀምጠኝ መኪናውን ማደስ ጀመርኩ። የኋላ ወንበሩን ሳነሳ ባትሪው ያለበት ወለል የለም፤ የባትሪ አሲድ በልቶት መሬቱ ይታያል። ለማንኛውም ቮልስ መጀመሪያ የሚታየው እዚያ ነው። ከበሩ ሥር ያለውን ላሜራ ከመቁረጤ በፊት ባትላሜራው በሮቹን ዘግቼ ውስጡን በብረት እንድወጥረው መከረኝ፤ አለበለዚያ አካሉ ይሰምጥና በር አይዘጋም። ከዚያ በፊት የነበሩ ጠጋኞች ዝገቱን ሳይቆርጡ በስቱኮ ሸፍነውት ኖሯል። አንዱ ቦታ ላይ የስቱኮው ውፍረት ጣት ያክል ነበር። ፍሬኑ አራቱም ታምቡር ነው፤ ከሞተሩ ይልቅ ለእሱ ብዙ ገንዘብ አወጣሁ፣ አልቆጨኝም።

ገዢው ከሄደ በኋላ ነው ወረቀትና እስክሪብቶ ይዤ የተቀመጥኩት። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል 2,300 ሜትር ያህል ከፍ ትላለች። አየሩ ከባሕር ዳርቻው አንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል፤ ሞተርም የሚተነፍሰው አየር ነውና ጉልበቱ በዚያው መጠን ይቀንሳል። ከ50 የፈረስ ጉልበት ላይ አንድ አምስተኛ ቀንሱ። 40 ይቀራል። ጀርመኖቹ ለዚህ መኪና በወረቀት የሰጡት፣ ሊብሬው የሚያውቀው የ«ኤፍ» ሞተር ጉልበት ማለት ነው። በ«ኤፍ» ሞተር ግን ይህ መኪና አዲስ አበባ ላይ 40 አግኝቶ አያውቅም፤ 32 ገደማ ነው የነበረው።

አባቴ ይህን ስሌት ሠርቶት እንደሆነ አላውቅም። ነገር ግን መኪናው የተባለለትን ጉልበት ለመጀመሪያ ጊዜ ያገኘው ከናይሮቢ በመጣው ሞተር ነው። ገዢው «ኦሪጅናል» የሚለው ሞተር ቢመለስ መኪናው ለሰብሳቢው ዓይን ይሟላል፣ ለእንጦጦ ዳገት ግን ይጎድላል።

የቀረው ነገር

እንዲህ ብዬ ብጨርሰው ደስ ባለኝ። ግን ወረቀት አለ። ቦሎ ለማሳደስ ስሄድ መርማሪው የሞተሩን ቁጥር አይቶ መለሰኝ። ለለውጡ የግዢ ሰነድና የጉምሩክ ዲክላራሲዮን አምጣ ተባልኩ። የአባቴ ጓደኛ ያኔ ቀረጡን አስቀርቶልን ነበር፣ ሁላችንም አመስግነነዋል። የተረፈው ገንዘብ ከ30 ዓመት በኋላ በእኔ ላይ ዕዳ ሆኖ መጣ። ሁለቱም ሰዎች ዛሬ በሕይወት የሉም፤ የምጠይቀው የለኝም።

ስለዚህ ገዢውም ቢሮውም አንድ ነገር ይሉኛል፦ «ኤፍ» ሞተር ፈልግ። ሶማሌ ተራ አንድ አለ፣ አይቼዋለሁ። ብገጥመው ቦሎም አገኛለሁ፣ ሙሉ ዋጋም አገኛለሁ። እስካሁን አልገዛሁትም፤ ጉዳዩን በማመልከቻ ይዤዋለሁ፣ መኪናውም ግቢ ውስጥ ቆሟል።

ከጥር 2016 ዓ.ም. ወዲህ የነዳጅ መኪና ወደ ኢትዮጵያ ማስገባት ስለተከለከለ በእጅ ያለው አሮጌ መኪና ዋጋው ሌላ ሆኗል። ቮልሱን በኤሌክትሪክ ቀይረው የሚሉኝም አሉ። ፋብሪካው ራሱ በ2019 (እ.ኤ.አ.) ከአንድ ድርጅት ጋር ሆኖ አሮጌ ቮልስ በባትሪ አስነድቶ አሳይቷል። ይቻላል ማለት ነው። የሚመጣው ዕቃ ምንም ይሁን ምን ግን የሚያልፈው በእናንተ እጅ ነው።

እንግዲህ የምለምናችሁ ይህን ነው። ሞተር ስታመጡ ቁጥሩን ፎቶ አንሱ፣ ደረሰኙን ያዙ፣ ዲክላራሲዮኑን ለገዢው ስጡት። እሱ ዛሬ አያስፈልገኝም ቢላችሁም ስጡት። ልጁ አንድ ቀን ይፈልገዋል።