የመጨረሻዋ ሳንቲም፦ አንድ የእስር ቤት ቃል በሁለት መጻሕፍት

ቃሊቲ ማረሚያ ቤት ሰው ልትጠይቁ ሄዳችሁ ከሆነ በሩ ላይ የሚታየውን ታውቁታላችሁ። ሰው ሁሉ ስንቅ ይዟል። የሚገርመው ሕጋችንም ይህንኑ ቃል ይጠቀማል፤ ባንክ ውስጥ በቂ ገንዘብ ሳይኖር የተጻፈ ቼክ «ስንቅ የሌለው ቼክ» ይባላል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ፣ አንቀጽ 693፣ እንዲህ ያለ ቼክ አውቆ የሰጠን ሰው ያሳስራል። ታዲያ ሥራውም ሱቁም ውጭ የቀረ ሰው፣ ታስሮ ሳለ ዕዳውን በምን ይከፍላል?

ጥያቄው የቆየ ነው። በተራራው ስብከት (ማቴዎስ 5፥25-26) ኢየሱስ፣ ከከሳሽህ ጋር ገና መንገድ ላይ ሳለህ ተስማማ ይላል። አለዚያ ዳኛ፣ ከዚያ ሎሌ፣ ከዚያ ወህኒ ይከተላል፤ የመጨረሻዋ ሳንቲም እስክትከፈልም መውጫ የለም። ለአያቶቻችን ይህ ምሳሌ ማብራሪያ የሚያስፈልገው አልነበረም። በቁራኛ ሥርዓት ከሳሽና ተከሳሽ ልብሳቸው ተቋጥሮ አብረው ወደ ዳኛ ይሄዱ ነበር፤ ባለዕዳም ከአበዳሪው ጋር በአንድ ሰንሰለት ይታሰር ነበር። መንገድ ላይ ለመታረቅ ከዚህ የበለጠ ምክንያት ከየት ይመጣል!

አሁን ሁለተኛውን መጽሐፍ እንይ። በ1830 (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ጆሴፍ ስሚዝ በኒውዮርክ ግዛት፣ ፓልማይራ በምትባል ከተማ መጽሐፈ ሞርሞንን አሳተመ። በመጽሐፉ ታሪክ መሠረት ኢየሱስ ከትንሣኤው በኋላ አሜሪካ ምድር ተገልጦ የተራራውን ስብከት እንደገና አስተምሯል። እኔ የተማርኩት ምህንድስና ስለሆነ ሁለቱን ጽሑፎች እንደ ሁለት የፕሮግራም ቅጂ ጎን ለጎን አድርጌ «ምኑ ተቀየረ?» ብዬ ነው የማነባቸው። አብዛኛው አንድ ነው። የወህኒው ቃል ላይ ግን ሁለት ለውጥ አለ።

አንዱ ገንዘቡ ነው። በማቴዎስ የግሪክኛው ቃል ኮድራንቴስ የተባለች የሮማ ሳንቲም ናት፤ የዲናር 1/64 ማለት ነው። ዲናር የአንድ የቀን ሠራተኛ ደመወዝ ስለነበር ሳንቲሟ የጥቂት ደቂቃዎች ሥራ ብታወጣ ነው። በ3ኛ ኔፊ 12 የገባው ግን ሴናይን ነው፤ ያው መጽሐፍ ሌላ ቦታ ላይ የአንድ ዳኛ የቀን ክፍያ ይለዋል። ሁለተኛው ለውጥ ይከብዳል። ከዛቻው ቀጥሎ አዲስ ጥያቄ ተጨምሯል፦ ወህኒ ውስጥ ሆነህ አንዲት ሴናይን እንኳ መክፈል ትችላለህ? መልሱም እዚያው ተሰጥቷል፤ አትችልም።

ይህ ለምን ይጠቅማል? «እስክትከፈል» የምትለዋ ቃል ብዙ አጨቃጭቃለችና። ከጥንት ጀምሮ አንዳንዶች «እስክትከፈል ከተባለ አንድ ቀን ተከፍሎ ይወጣል ማለት ነው» ብለው ከሞት በኋላ ያለ የመንጻት ስፍራን አነበቡባት። ፕሮቴስታንቶች ይህን አልተቀበሉም። ማርቲን ሉተር በ1517 የተነሣው ከዚሁ ትምህርት ጋር የተያያዘውን የስርየት ወረቀት ሽያጭ ተቃውሞ ነው። በእነሱ ንባብ የኢየሱስ ትእዛዝ መጀመሪያ እንደ መስታወት ነው፤ ባለዕዳው ባዶ እጁን መሆኑን ያሳየዋል። ከፋዩ ክርስቶስ ብቻ ነው፤ መልካም ሥራ የሚመጣው ከዚያ ወዲያ፣ እንደ ፍሬ ነው። በ2007ቱ ቆጠራ 18.6 በመቶ ከሆነው የአገራችን ፕሮቴስታንት ብዙው ይህን ከልጅነቱ የሰማው ነው።

ሞርሞኖች (ቤተ ክርስቲያናቸው ኢትዮጵያ ውስጥ በ1993 ተመዝግባለች) ብዙ ጊዜ «ሥራ ያበዛሉ» ይባላሉ። በዚህች ጥቅስ ላይ ግን የእነሱ መጽሐፍ ከማቴዎስ ይልቅ ለሉተር የቀረበ ይመስላል፦ እስረኛው ምንም የለውም። መንገዱ የሚለያየው ቀጥሎ ነው። በ1840 ጆሴፍ ስሚዝ ስለ ሙታን መጠመቅን አስተማረ። ወንጌልን ሳይሰሙ የሞቱት «በመናፍስት ወህኒ» ይጠብቃሉ፤ በሕይወት ያለ ዘመድ በስማቸው ይጠመቃል፤ ሟቹ ሊቀበለውም ሊተወውም ይችላል። እነሱ የሚጠቅሱት 1ኛ ቆሮንቶስ 15፥29ን እንጂ የወህኒውን ቃል አይደለም፤ ማገናኘቱ የእኔ ነው። ግን የቃሊቲን በር ለሚያውቅ ሥዕሉ ግልጽ ነው፦ ውጭ ያለው ለታሰረው ስንቅ ያደርሳል። ፕሮቴስታንቱ ደግሞ «ከሞት በኋላ በሩ ተዘግቷል፤ ስንቁም አንዴ፣ በአንድ ሰው ደርሷል» ይላል። የማይታረቅ ልዩነት ነው፤ በትህትና ማለሳለስም አይጠቅመውም።

ጥያቄው ለምን በ1830 ተጨመረ? አማኙ «ጥንቱንም ነበረ» ይላል። የታሪክ ተማሪ ደግሞ የዘመኑን ኒውዮርክ ያያል። ያኔ ሰው በዕዳ ይታሰር ነበር፤ ተቃዋሚዎችም «ታስሮ እንዴት ይክፈል?» እያሉ ይሟገቱ ነበር፤ ግዛቱም በ1831 ይህን እስራት በሕግ አስቀረ። እኔ ወደ ሁለተኛው አደላለሁ። መጽሐፉ ከታተመ ከጥቂት ወራት በኋላ የስሚዝ አባት ራሳቸው በ14 ዶላር ዕዳ ካናንዳይጓ ከተማ ታሰሩ። ባለቤታቸው ሉሲ በትዝታዋ እንደጻፈችው፣ እስር ቤቱ ግቢ ውስጥ በርሜል እየሠሩ አንድ ወር ቆይተው ወጡ።