«ሃይማኖት የግል ነው» ስንል ምን ማለታችን ነው?



«ሃይማኖት የግል ነው፤ አገር የጋራ ነው» የሚለውን አባባል የማያውቅ የለም። ክርክር በተነሳ ቁጥር አንዱ ይጽፈዋል፣ ሌላው ላይክ ያደርገዋል፣ ነገሩም ያለቀ ይመስላል። ግን እስቲ እንጠይቅ፤ «የግል» ማለት ምን ማለት ነው? በልቤ የማምነው ብቻ ነው? ወይስ ጾሜ፣ ስግደቴ፣ አለባበሴ፣ ስሞት የምቀበርበት ቦታም ጭምር?

ታሪካችንን ብናገላብጥ አንድ ነገር ጎልቶ ይወጣል። በልብ ያለ እምነትን የትኛውም መንግሥት ሰጥቶን አያውቅም፤ ሊነሳንም አልቻለም። ጠቡ ሁልጊዜ የነበረው በተግባሩ ላይ ነው። (ዓመቶቹን በእኛ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

አፄ ሱስንዮስን እንውሰድ። በ1614 ዓ.ም. የካቶሊክን እምነት መቀበላቸውን በይፋ አሳወቁ። ለዚህ ያበቃቸው ኢየሱሳዊው ፔድሮ ፓኤዝ ብልህ ሰው ነበር፤ የአገሩን ቋንቋ ተምሮ፣ ከሰው ተግባብቶ፣ ቀስ ብሎ የሚሄድ። እሱ በዚያው ዓመት ሞተ። በ1617 ዓ.ም. የመጣው ፓትርያርክ አፎንሶ ሜንዴዝ ግን ቀስ ማለትን አያውቅበትም። በማግስቱ ዓመት ንጉሡና መኳንንቱ ለሮማው ፓፓ ታማኝ ለመሆን ማሉ። ከዚያ በኋላ የወረደውን ትእዛዝ ልብ በሉልኝ፦ ካህናቱ እንደገና ይሾሙ፣ ሕዝቡ እንደገና ይጠመቅ፣ አብያተ ክርስቲያናት እንደ አዲስ ይባረኩ፣ ግርዛት ይቅር፣ ቀዳሚት ሰንበት አትከበር፣ የጾሙና የበዓሉ አቆጣጠር ይለወጥ።

ገበሬው ሊቃውንቱ ስለ ክርስቶስ ባሕርይ የሚከራከሩትን ሁሉ ላይከታተል ይችላል። ልጁን ሲያስጠምቅ፣ አባቱን ሲቀብር፣ ረቡዕና ዓርብ ሲጾም ግን ማን እንደሆነ ያውቃል። ትእዛዙ የነካው ይህንን ነው፤ አገሩም የተነሳው ለዚህ ነው። ኋላ ላይ ሥርዓቱን ላላ ለማድረግ ተሞክሮ ነበር፤ ግን ጊዜው አልፏል። ሰኔ 1624 ዓ.ም. ወይና ደጋ ላይ የንጉሡ ጦር የላስታን አማፅያን ድል አደረገ። በዚያ ሜዳ 8,000 ያህል ሰው እንደወደቀ ይነገራል። አማፅያኑም የንጉሡ የራሳቸው ሕዝብ ነበሩ። ድል አድርገው የተመለሱት ንጉሥ ብዙም ሳይቆዩ ሕዝቡ ወደ ቀድሞ እምነቱ እንዲመለስ አዋጅ አስነገሩ፤ መንግሥቱንም ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ።

ብዙዎቻችን ታሪኩን እዚህ ላይ «ፋሲል ይንገሥ፣ ሃይማኖት ይመለስ» ብለን እንጨርሰዋለን። ግን ከዚያ በኋላስ? ኢየሱሳውያኑ ተባረሩ፤ ካቶሊክ ሆነው የቀሩ ኢትዮጵያውያንም በተራቸው ተሳደዱ። የሱስንዮስ ወንድም ራስ ሥዕለ ክርስቶስ እምነቴን አልለውጥም ብሎ ተግዞ፣ በኋላም ሕይወቱን አጣ። ዱላው እጅ ቀየረ እንጂ አልተጣለም።

ሁለት መቶ ሃምሳ ዓመት ገደማ እንዝለልና ወደ ቦሩ ሜዳ እንምጣ፤ 1870 ዓ.ም.። አፄ ዮሐንስ አራተኛ፣ ንጉሥ ምኒልክም ባሉበት፣ የሊቃውንት ጉባኤ አስቀመጡ። በተዋሕዶ፣ በቅባትና በጸጋ መካከል ለዘመናት የቆየው ክርክር ለተዋሕዶ ተፈረደ፤ አንቀበልም ያሉ ተቀጡ። ነገሩ ግን በክርስቲያኖች መካከል ብቻ አልቀረም። ሹመት ያላቸው ሙስሊሞች ወዲያውኑ እንዲጠመቁ ወይም ሹመታቸውን እንዲለቁ፣ ሌላው ሙስሊም ደግሞ በሦስት ዓመት ውስጥ እንዲጠመቅ ታዘዘ። የወሎው መሐመድ ዓሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፤ በኋላ ንጉሥ ሚካኤል የምንላቸው ናቸው። ሌሎች ተሰደዱ። እንደ ሼህ ጠልሃ ቢን ጃዕፈር ያሉት ደግሞ ተነስተው ተዋጉ። ቀን ክርስቲያን፣ ሌሊት ሙስሊም ሆኖ የኖረውም ቀላል አልነበረም። መንግሥት ሰውን ውኃ ውስጥ ማስገባት ይችላል፤ ሌሊት ብቻውን የሚያደርገውን ዱዓ ግን በምን ያቆመዋል?

የሚገርመው፣ በነዚያው ወራት ከእኛ ጋር ምንም የማይገናኝ ሌላ ችሎት ተመሳሳይ ጥያቄ ይዞ ተቀምጦ ነበር። አሜሪካ፣ ዩታ ውስጥ የሞርሞን እምነት ተከታይ የሆነው ጆርጅ ሬይኖልድስ ሁለት ሚስት በማግባቱ ተከሰሰ። «ሃይማኖቴ ያዘኛል» ብሎ ተከራከረ። በ1871 ዓ.ም. የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዳኞች ፈረዱበት። ሐሳቡ በአጭሩ እንዲህ ነው፦ ሕግ እምነትንና አስተያየትን ሊነካ አይችልም፤ ድርጊትን ግን ይገዛል። ሰውን መሥዋዕት አድርጎ ማረድ ሃይማኖቴ ነው የሚል ቢመጣስ ዝም ሊባል ነው? ሁሉም በእምነቱ እያሳበበ ለራሱ ሕግ ከሆነ መንግሥት የሚባል ነገር አይኖርም።

ይህ ፍርድ ከቦሩ ሜዳ ጋር ሲተያይ ትልቅ እርምጃ ነው፤ ቢያንስ «ምን ታምናለህ?» ብሎ አይጠይቅም። ቀዳዳም ግን አለው። እምነቱ ነፃ፣ ድርጊቱ ሁሉ በመንግሥት ፈቃድ ከሆነ፣ ሱስንዮስም «በልባችሁ ያሻችሁን እመኑ፣ ቅዳሜን ብቻ አታክብሩ» ሊሉ ይችሉ ነበር እኮ! አሜሪካኖቹም ራሳቸው እዚያ ላይ አልቆሙም። በ1964 ዓ.ም. አሚሽ የሚባሉት ክርስቲያን ወላጆች ልጆቻቸውን ከስምንተኛ ክፍል በላይ ትምህርት ቤት አንልክም ሲሉ፣ ያው ፍርድ ቤት ለወላጆቹ ፈረደ። ድርጊት ስለሆነ ብቻ አይከለከልም ማለት ነው።

ወደ እኛ እንመለስ። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 የማንኛውም ሃይማኖት ሥርዓት በሕግ መሠረት እንዳይደናቀፍ ደነገገ፤ ለፖለቲካ እስካልዋለ፣ ሰላምንና ሥነ ምግባርን እስካልጎዳ ድረስ። በወረቀት ደረጃ መልካም ነበር። ነገር ግን የሙስሊሙ በዓል የሕዝብ በዓል አልነበረም። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ሙስሊሞች፣ ክርስቲያን ወዳጆቻቸውም አብረው፣ አደባባይ የወጡት «እንድናምን ፍቀዱልን» ለማለት አልነበረም። ማመኑንማ መቼ አቁመው! የጠየቁት እምነታቸው በአገራቸው አደባባይ ቦታ እንዲኖረው ነው። የሙስሊሞች በዓላት የሕዝብ በዓል የሆኑት ደርግ ከመጣ በኋላ ነው።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 27 ደግሞ ነገሩን ለሁለት ከፈለው። የፈለጉትን እምነት መያዝን በኃይል መገደብ ፈጽሞ አይቻልም። እምነትን መግለጽ ግን ሊገደብ ይችላል፤ በሕግ ሲደነገግና ለሕዝብ ደህንነት፣ ለሰላም፣ ለጤና፣ ለትምህርት፣ ለሥነ ምግባር፣ ለሌሎች መብት፣ እንዲሁም መንግሥት ከሃይማኖት ነፃ እንዲሆን አስፈላጊ ሲሆን። ለእኔ ከዚህ ሁሉ ውስጥ ክብደት ያለው ቃል «አስፈላጊ» የሚለው ነው። ደስ አላለኝም፣ አልለመድነውም፣ ብዙኃኑ ይከፋዋል ማለት አስፈላጊ ማለት አይደለም።

ሁለት ምሳሌ ላስቀምጥ። የሴት ልጅ ግርዛትን ሃይማኖት ያዝዛል ብሎ የሚያምን ሰው አለ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ግን ያስቀጣል፤ ተገቢ ነው፣ ምክንያቱም የሚቆረጠው የሌላ ሰው አካል ነው፣ ያውም እንቢ ማለት የማትችል ልጅ። በ2017 ዓ.ም. በአክሱም ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሒጃብ የለበሱ ተማሪዎች ሲከለከሉስ የተጎዳው ማን ነበር? አጠገቧ የተቀመጠችው ልጅ? መምህሩ? የሚከለክለው ወገን ጉዳቱን ማሳየት አለበት። ማሳየት ካልቻለ፣ ጥያቄው የቀዳሚት ሰንበት ጥያቄ ነው፤ ልብሱ ተለወጠ እንጂ።

ይህንን መለኪያ ሌላው ላይ ብቻ ስንይዘው ቀላል ነው። እስቲ ወደ ራሳችንም እናዙረው፤ ሌሊቱን ሙሉ የሚጮኸው የእኛ ድምፅ ማጉያ ከሆነ፣ የቀብር ቦታ የተከለከለው ጎረቤታችን ከሆነ፣ ያኔም ያው መለኪያ ይሠራል? «ሃይማኖት የግል ነው» የሚለው አባባል ትርጉም የሚኖረው ያኔ ይመስለኛል።

የእናንተን ሐሳብ ከታች ጻፉልኝ። በተለይ የወሎና የጎንደር ልጆች፣ ከአያቶቻችሁ የሰማችሁት ካለ አካፍሉን። ስድብ ግን አጠፋለሁ፤ እናንተም ታውቁኛላችሁ።