የቤት ውስጥ የጋራ ኔትወርክ ማከማቻ

የቤት ውስጥ የጋራ ኔትወርክ ማከማቻ (በአጭሩ ናስ) ማለት በአንድ ቤት ያሉ ኮምፒውተሮችና ስልኮች ፋይሎቻቸውን በአንድ ቦታ አስቀምጠው በኔትወርክ አማካኝነት በጋራ የሚጠቀሙበት መሣሪያ ነው። አንድ ወይም ከዚያ በላይ ሃርድ ዲስክ፣ አነስተኛ ፕሮሰሰር እና የራሱ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ይኖረዋል፤ ከቤቱ ራውተር ወይም ስዊች ጋር አብዛኛውን ጊዜ በገመድ ይገናኛል። ዊንዶውስ፣ ማክ እና ሊኑክስ በአንድ ቤት ሲኖሩ ምርጫው በዋናነት በሦስት ነገሮች ይወሰናል፦ ሁሉም ኮምፒውተሮች በሚግባቡበት ፕሮቶኮል፣ በኔትወርኩ ፍጥነት፣ እንዲሁም ዲስክ ሲበላሽ ወይም ፋይል ሲጠፋ መልሶ ማግኘት በሚቻልበት መንገድ።

## ከውጭ ዲስክ ጋር ያለው ልዩነት

በዩኤስቢ የሚሰካ የውጭ ዲስክን የሚያነበው የተሰካበት ኮምፒውተር ራሱ ነው። ስለዚህ ዲስኩ ፎርማት የተደረገበት የፋይል ስርዓት በዚያ ኮምፒውተር ዘንድ የታወቀ መሆን አለበት። የዊንዶውስ ኤንቲኤፍኤስ በማክ ላይ ይነበባል እንጂ ያለ ተጨማሪ ሶፍትዌር አይጻፍበትም። የማክ ኤፒኤፍኤስ ደግሞ ያለ ተጨማሪ ሶፍትዌር በዊንዶውስ አይከፈትም። ፋት32 በሁሉም ላይ ይሠራል፤ ሆኖም የአንድ ፋይል መጠን ከ4 ጊጋባይት እንዲበልጥ ስለማይፈቅድ ለረጅም ቪዲዮ አያገለግልም። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2006 ያወጣው ኤክስፋት ይህን ገደብ ያነሳ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2019 በሊኑክስ ከርነል 5.4 ውስጥ ከተካተተ ወዲህ በሦስቱም ዘንድ ይሠራል። ኤክስፋት ግን የለውጦች መዝገብ (ጆርናል) የለውም፤ በዚህ ምክንያት በመጻፍ ላይ እያለ መብራት ቢጠፋ ወይም ዲስኩ በድንገት ቢነቀል ለብልሽት ይበልጥ የተጋለጠ ነው።

በናስ ግን ዲስኩን በቀጥታ የሚያነበውና የሚጽፍበት የናሱ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ብቻ ነው። ሌሎቹ ኮምፒውተሮች ፋይል የሚጠይቁት በፕሮቶኮል ስለሆነ በውስጥ ያለው የፋይል ስርዓት ኤክስት4 ይሁን ሌላ አይመለከታቸውም።

## ፕሮቶኮሎች

'''ኤስኤምቢ''' በአይቢኤም ባሪ ፋይገንባም እ.ኤ.አ. በ1983 ያዘጋጀው ሲሆን፣ በኋላ ማይክሮሶፍት አስፋፍቶ የዊንዶውስ መደበኛ የፋይል ማጋሪያ አድርጎታል። '''ኤንኤፍኤስ''' እ.ኤ.አ. በ1984 በሰን ማይክሮሲስተምስ የተሠራ ሲሆን በዩኒክስና በሊኑክስ ዘንድ የተለመደ ነው። '''ኤኤፍፒ''' የአፕል ፕሮቶኮል ነበር፤ አፕል ግን እ.ኤ.አ. በ2013 ከወጣው ማቬሪክስ ጀምሮ ቀዳሚ ምርጫውን ኤስኤምቢ 2 አድርጓል።

ኤስኤምቢ ከዊንዶውስ ውጭ እንዲሠራ ካደረጉት ሶፍትዌሮች ዋነኛው ሳምባ ነው። ሥራውን የጀመረው አንድሩ ትሪጅል በአውስትራሊያ ብሔራዊ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ተማሪ ሳለ ነው። ፕሮቶኮሉ እንዴት እንደሚሠራ የደረሰበት በኔትወርኩ ላይ የሚመላለሱትን መልእክቶች በመመርመር ሲሆን፣ የመጀመሪያውን ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ1992 ለሕዝብ አሰራጨ። ሳምባ የሚለውን ስም ያገኘው የኤስኤምቢን ሦስት ፊደላት የያዙ ቃላትን ከቃላት ዝርዝር ውስጥ ፈልጎ ነው። ዛሬ በሊኑክስ ላይ የተመሠረቱ ብዙ የቤት ናሶች ፋይል የሚያጋሩት በሳምባ ነው።

ስለዚህ ለተቀላቀለ ቤት የተሻለው መነሻ ኤስኤምቢ ነው፤ ከኮምፒውተሮቹ ሌላ የአይፎን የፋይሎች መተግበሪያም ከ2019ኙ አይኦኤስ 13 ጀምሮ ይገናኝበታል። ሆኖም የፕሮቶኮሉ ስም ብቻ በቂ አይደለም፤ እትሙም መታየት አለበት። የመጀመሪያው እትም (ኤስኤምቢ 1) እ.ኤ.አ. በግንቦት 2017 ዋናክራይ የተባለው ቤዛ ጠያቂ ቫይረስ የተሰራጨበት ነው። በዚያው ዓመት መጨረሻ አካባቢ ከወጣው የዊንዶውስ 10 ማሻሻያ ጀምሮ ኤስኤምቢ 1 አዲስ ሲጫን በነባሪ አይካተትም። ኤስኤምቢ 1ን ብቻ የሚያውቅ አሮጌ ራውተር ወይም ናስ በአዲስ ኮምፒውተር ላይ ሳይታይ የሚቀረው በዚህ ምክንያት ነው። ለችግሩ መፍትሔው መሣሪያውን ማዘመን ወይም መቀየር እንጂ አሮጌውን እትም መልሶ መክፈት አይደለም።

## የፋይል ስሞች

በሊኑክስና በማክ የሚፈቀድ ስም በዊንዶውስ ላይፈቀድ ይችላል። የጥያቄ ምልክት (?)፣ ኮከብ (*) እና በላቲን ኪቦርድ ላይ ያለው ሁለት ነጥብ (:) በዊንዶውስ የፋይል ስም ውስጥ አይገቡም። የግዕዙ ሁለት ነጥብ (፡) ግን በዩኒኮድ ራሱን የቻለ ሌላ ምልክት በመሆኑ ይፈቀዳል።

የግዕዝ ፊደላት እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ስለተካተቱ፣ በአማርኛ የተሰየሙ ፋይሎች በዘመናዊ ኤስኤምቢ በኩል ሳይበላሹ ያልፋሉ። መታወቅ ያለበት የርዝመት ገደቡ ነው። ኤንቲኤፍኤስ እስከ 255 ፊደል ሲቀበል፣ ኤክስት4 የሚቀበለው እስከ 255 ባይት ነው። በዩቲኤፍ-8 አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ስለሚይዝ፣ በኤክስት4 ላይ አንድ የአማርኛ ስም ከ85 ፊደል ሊበልጥ አይችልም። በዊንዶውስ ላይ ያለ ችግር የተቀመጠ ረጅም ስም ያለው ሰነድ ወደ ናስ ሲገለበጥ ስህተት የሚያሳየው አንዳንዴ በዚህ ሳቢያ ነው።

## የማከማቻ ዓይነቶች

* '''ከራውተር ጋር የተሰካ ዲስክ፦''' ርካሹ መንገድ ነው። የራውተሩ ፕሮሰሰር ደካማ በመሆኑ ፍጥነቱ አነስተኛ ነው፤ ከመጠቀም በፊትም የሚደግፈው የኤስኤምቢ እትም መረጋገጥ አለበት።
* '''አሮጌ ኮምፒውተር፦''' ኦፕንሚዲያቮልት ወይም ትሩናስ (የቀድሞው ፍሪናስ) የተባሉትን ነጻ ሶፍትዌሮች በመጫን ወደ ናስ ይቀየራል። እውቀት ይጠይቃል፤ ዴስክቶፕ ከሆነም ቀንና ሌሊት ሲበራ የሚፈጀው ኤሌክትሪክ ከትንሽ ናስ ይበልጣል።
* '''ራስበሪ ፓይ፦''' እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው ራስበሪ ፓይ 4 ጊጋቢት ኢተርኔትና ዩኤስቢ 3.0 ስላለው ለትንሽ ቤት ይበቃል።
* '''ተዘጋጅቶ የሚሸጥ ናስ፦''' እንደ ሲኖሎጂና ኪውናፕ ያሉ የታይዋን ኩባንያዎች ይሠሩታል። አጠቃቀሙ ቀላል ነው፤ ዋጋው ግን ከፍ ያለ ሲሆን ዲስኩ ብዙውን ጊዜ ለብቻው ይገዛል።

## ፍጥነት

የናስ ፍጥነት ከመንገዱ ሁሉ ቀርፋፋ ከሆነው ክፍል አይበልጥም። በሰከንድ 100 ሜጋቢት የሚያስተላልፍ ስዊች ቢበዛ 12.5 ሜጋባይት ያሳልፋል፤ 10 ጊጋባይት ቪዲዮ ለመገልበጥም ቢያንስ 13 ደቂቃ ይፈጃል። በሰከንድ 1,000 ሜጋቢት በሚያስተላልፍ መስመር ግን ያው ቪዲዮ በ80 ሰከንድ ገደማ ሊያልፍ ይችላል። በዋይፋይ ፍጥነቱ እንደ ርቀቱ፣ እንደ ግድግዳውና እንደ ተጠቃሚው ብዛት ይለዋወጣል። ስለዚህ ውድ ናስ ከመግዛት በፊት ራውተሩንና ገመዱን ማየት ገንዘብ ያድናል።

## ሬይድ እና መጠባበቂያ ቅጂ

ሬይድ ብዙ ዲስኮችን እንደ አንድ የሚያሠራ ዘዴ ሲሆን፣ ፓተርሰን፣ ጊብሰንና ካትዝ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ እ.ኤ.አ. በ1988 ባቀረቡት ጽሑፍ ታውቋል። በሬይድ 1 ሁለት ባለ 4 ቴራባይት ዲስኮች አንድ ዓይነት መረጃ ስለሚይዙ ለተጠቃሚው የሚተርፈው 4 ቴራባይት ነው። በሬይድ 5 ሦስት እንዲህ ያሉ ዲስኮች 8 ቴራባይት ይሰጣሉ። በሁለቱም አንድ ዲስክ ቢሞት መረጃው አይጠፋም።

ይሁን እንጂ ሬይድ መጠባበቂያ ቅጂ አይደለም። አንድ ሰው የቤተሰቡን ፎቶዎች በስህተት ቢሰርዝ ስረዛው በዚያው ቅጽበት በሁለቱም ዲስኮች ላይ ይፈጸማል። ቫይረስ ፋይሎቹን ቢቆልፋቸው፣ ሌባ መሣሪያውን ቢወስደው ወይም ቤቱ ቢቃጠልም ሬይድ አያድንም። የተለመደው መመሪያ «3-2-1» ይባላል፦ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማከማቻ፣ አንዱ ከቤት ውጭ። ገንዘቡ ለአንድ ነገር ብቻ የሚበቃ ከሆነ፣ ሁለተኛውን ዲስክ በሬይድ ከማሠራት ይልቅ በየሳምንቱ እየተገለበጠበት ተነቅሎ የሚቀመጥ ቅጂ ማድረግ ይመረጣል።

ከቤት ውጭ ያለውን ቅጂ በኢንተርኔት መላክ ጊዜ ይወስዳል። በሰከንድ 10 ሜጋቢት በሚልክ መስመር 100 ጊጋባይት ለማስተላለፍ 22 ሰዓት ያህል ያስፈልጋል። ስለዚህ የመጀመሪያውን ቅጂ በዲስክ ገልብጦ ዘመድ ቤት ማስቀመጥ፣ ከዚያ በኋላ አዳዲሶቹን ፋይሎች ብቻ መላክ ይቀላል።

## መብራትና ደህንነት

መብራት በሚቆራረጥበት አካባቢ ናስ ከዩፒኤስ ጋር ቢገናኝ ይመረጣል። ብዙ ናሶች ከዩፒኤስ ጋር በዩኤስቢ ገመድ ስለሚነጋገሩ ባትሪው ሊያልቅ ሲል ራሳቸውን በሥርዓት ያጠፋሉ።

ለእያንዳንዱ የቤቱ ሰው የራሱ መለያና የይለፍ ቃል ይሰጠዋል፤ ከሌሎች ፋይሎች ማንበብ ብቻ የሚበቃውም የመጻፍ ፈቃድ አይሰጠውም። ይህም አንድ ላፕቶፕ በቫይረስ ቢያዝ ጉዳቱን ይገድባል። የናሱን መግቢያ በቀጥታ ለኢንተርኔት መክፈት አደገኛ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2022 ዴድቦልት የተባለው ቤዛ ጠያቂ ቫይረስ ያጠቃው በዚህ መልኩ የተጋለጡ ናሶችን ነበር። ከውጭ ሆኖ ፋይል ማየት ካስፈለገ በቪፒኤን መግባት ይመከራል።