የሞተር እድሳት በባሌ ደጋ

የሞተር እድሳት ያረጀን ሞተር ፈትቶ፣ የተበሉትን ክፍሎች በመተካት ወይም በማስተካከል እንደገና የመግጠም ሥራ ነው። በሮቤ፣ በጎባና በዙሪያቸው ባለው የባሌ ደጋ የሙያውን ጠባይ የወሰነው ርቀት ነው። ሮቤ ከአዲስ አበባ በሻሸመኔ በኩል 430 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። ስለዚህ በግቢና በሠፈር ጋራዥ የሚሠራው እዚያው ይሠራል፤ ትልቅ ማሽን የሚጠይቀው ደግሞ ወደ ትልልቅ ከተሞች ይላካል። መኪናው ቢለዋወጥም ይህ የሥራ ክፍፍል አልተለወጠም።

የመጀመሪያው አውቶሞቢል አዲስ አበባ የገባው በ1900 ዓ.ም. በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ነው፤ ያመጣውም ቤንትሊ የተባለ እንግሊዛዊ ነበር። የሜካኒክነት ሙያ በአገሪቱ የተስፋፋው ግን ከጣሊያን ወረራ (1928–1933) ወዲህ ነው። ወራሪው ጦር ትሬንታኳትሮ የተባለውን ፊያት 634 ጨምሮ በርካታ የጭነት መኪናዎችን አስገባ። ከጦርነቱ በኋላ አገር ውስጥ የቀሩ ጣሊያናውያን ጋራዥ ከፈቱ፤ ኢትዮጵያውያን ረዳቶቻቸውም ሙያውን ከነመጠሪያዎቹ ወረሱ። ቴስታታ (የሲሊንደር ክዳን)፣ ካንዴላ (ብልጭታ ሰጪ)፣ ፍሪሲዮን (ክላች) እና ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥን) ዛሬም የጋራዥ ቃላት ናቸው። በ1934 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተከፈተው ተግባረ እድ ትምህርት ቤት ደግሞ ሙያውን በመደበኛ ትምህርት ማስተማር ጀመረ።

በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን፣ በ1943 ዓ.ም. የአውራ ጎዳና መሥሪያ ቤት ተቋቋመ፤ በአገሪቱ መንገድ እየተስፋፋ ሲሄድ ባለሞተር ተሽከርካሪም እየበዛ መጣ። የዘመኑ ዋና ሸክም ተሸካሚ ኤንትሬ በመባል የታወቀው ፊያት 682 ሲሆን፣ ለገጠርና ለጭቃ መንገድ ደግሞ ላንድሮቨር ተመራጭ ሆነ። በ1962 ዓ.ም. የፊያት ከባድ መኪናዎችን የሚገጣጥመው አምቼ በአዲስ አበባ ሲቋቋም የፊያት ሞተር በአገሪቱ ይበልጥ ተለመደ።

ደርግ በባሌ፣ በሲናናና በአካባቢው ሜዳ የመንግሥት የስንዴ እርሻዎችን ሲያስፋፋ የሙያው መልክ ተለወጠ። ትራክተርና ኮምባይነር በብዛት ገቡ፤ በዚያው ዘመን በናዝሬት የትራክተር መገጣጠሚያ ተቋቁሞ የሶቪየት ሠራሹን ቤላሩስ ይገጣጥም ነበር። የእርሻ ሞተር ናፍጣ ስለሚጠቀም ካርቡራተርና ካንዴላ ብቻ የለመደ ሜካኒክ የነዳጅ ፓምፕና ኖዝል መማር ነበረበት። አዝመራ ደርሶ ማሽን ቢቆም ሰብሉ ለዝናብ ስለሚጋለጥ የማሽኖቹ ትልቅ እድሳት በሁለት አዝመራ መካከል ይከናወናል።

የእድሳቱን አካሄድ ለማየት የቆየው የላንድሮቨር ቤንዚን ሞተር ጥሩ ምሳሌ ነው። አራት ሲሊንደርና 2,286 ሲሲ መጠን አለው፤ የሲሊንደሩ ስፋት 90.47 ሚሊ ሜትር ነው። ሰማያዊ ጭስ፣ ዘይት መብላትና አቅም ማጣት የፒስተን ፋሻ ወይም የሲሊንደር መበላት ምልክቶች ናቸው። ዘይትና ውኃው ከፈሰሰ በኋላ ሞተሩ በሰንሰለት ማንሻ ይወርዳል። ቴስታታው ይነሣል፤ ፒስተኖቹ በየሲሊንደራቸው ቁጥር ምልክት ተደርጎባቸው ይወጣሉ፤ ክፍሎቹም በናፍጣ ታጥበው ይለካሉ።

የሥራ ክፍፍሉ የሚታየው እዚህ ላይ ነው። ፋሻ መቀየር፣ ቫልቭን በሻካራ ቅባት ከመቀመጫው ጋር እያሹ ማጣጣም፣ ጓርኒሲዮን (በክፍሎች መካከል የሚገባውን ማሸጊያ) መለወጥና የቫልቭን ክፍተት 0.25 ሚሊ ሜትር አድርጎ ማስተካከል በእጅና በቀላል መለኪያ ይሠራሉ። ሞላላ የሆነን ሲሊንደር ማስፋት፣ ክራንክ ሻፍትን ማስሞረድና የተጣመመ ቴስታታን ማስላጨት ግን የማሽን ሥራ ነው። ሲሊንደሩ ሲሰፋ ፒስተኑ በዚያው ልክ ይተልቃል፤ ክራንኩ ሲሞረድ ደግሞ ብሮንዚናው (ክራንኩ የሚሽከረከርበት ማቀፊያ) በወፍራም ይተካል። መለዋወጫ ፍለጋም ብዙ ጊዜ መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ ያደርሳል። የታደሰው ሞተር ሮዳጅ (የማለማመጃ ጊዜውን) እስኪጨርስ ከባድ ጭነት አይጫንበትም፤ ዘይቱም ቶሎ ይቀየራል።

የባሌ ከፍታ ለዚህ ሥራ የራሱን ጥንቃቄ ይጨምራል። ሮቤ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር፣ ጎባ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛሉ፤ ከጎባ ወደ ዶሎ መና የሚወስደው መንገድ ደግሞ 4,000 ሜትር ገደማ የሚደርሰውን የሳነቴን አምባ ያቋርጣል። የአየሩ ግፊት በሮቤ የባሕር ጠለሉን ሦስት ሩብ ያህል፣ በሳነቴ ደግሞ 60 በመቶ ያህል ነው። አየሩ ስለሚሳሳ ለባሕር ጠለል የተቃኘ ካርቡራተር ከሚያስፈልገው በላይ ቤንዚን ይሰጣል፤ ጭሱ ይጠቁራል፣ ካንዴላው ጥላሸት ይይዛል። መፍትሔው ነዳጁን መቀነስና የካንዴላውን እሳት ጊዜ ትንሽ ማስቀደም ነው። ይሁን እንጂ ለሳነቴ ብቻ የተቃኘ ሞተር ወደ ሐረና ጫካና ወደ ቆላው ሲወርድ ነዳጅ አንሶት ይሞቃል። ስለዚህ የተሻለው ቅኝት ለመካከለኛው ከፍታ የሚደረገው ነው። ክፍት ውኃ በሳነቴ በ87 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ የራዲያተሩ ክዳን ግፊት መያዝ አለበት፤ ሌሊቱ ውርጭ ስለሚጥል ደግሞ ራዲያተሩ ውስጥ ፀረ በረዶ ፈሳሽ ያስፈልጋል።

ሙያው ዛሬ በሁለት ተቃራኒ አቅጣጫዎች ይጎተታል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪናዎችን ማስገባትን በእጅጉ አስወደደ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከለከለ። እነዚህ እርምጃዎች ያለውን ሞተር አድሶ የማቆየትን ጥቅም ያሳድጋሉ። በሌላ በኩል በኤሌክትሮኒክስ የሚታዘዙት ሞተሮች የኮምፒውተር መመርመሪያ ስለሚሹ ከግቢ የሚወጣውን ሥራ ያበዙታል። በእጅና በቀላል መለኪያ አብዛኛው ሥራቸው የሚያልቀው የቆዩት ላንድሮቨሮች፣ ኤንትሬዎችና ትራክተሮች ናቸው።