ሦስተኛው መስዋዕት

አማርኛችን «መስዋዕት ሆነ» ይላል፣ «መስዋዕት አደረገ»ም ይላል። ስሙ አንድ ነው፤ ግሱ ሲቀየር ግን ጀግናው ገዳይ ይሆናል። ይህን ያሳሰበን የታሪክ መጽሐፍ ሳይሆን የኮምፒውተር ጨዋታ ነው። አትሳቁብን!

በ«ፋይናል ፋንታሲ 14» ውስጥ፣ በተለይ እ.ኤ.አ. በ2019 እና በ2021 በወጡት ክፍሎቹ፣ አማውሮት የምትባል ጥንታዊ ከተማ አለች። ነዋሪዎቿ በሐሳባቸው ያሰቡትን መፍጠር ይችላሉ። የዓለም ፍጻሜ ሲመጣባቸው፣ በሕይወት ካሉት ግማሾቹ ራሳቸውን ሠውተው ዞዲያርክ የተባለ አምላክ አስነሡ፤ ጥፋቱም ቆመ። ምድሪቱ ግን ባዶ ቀረች። ከተረፉት ደግሞ ግማሾቹ ነፍሳቸውን ሰጡና ሕይወት እንደገና በቀለ። እስከዚህ ድረስ እጅ እንነሣለን።

ጣጣው የመጣው በሦስተኛው ነው። አዲስ ከበቀለው ሕይወት ለዞዲያርክ ገብረው በምትኩ የተሠዉ ወገኖቻቸውን ሊያስመልሱ ወጠኑ። ያ አዲስ ፍጥረት ግን ስለዚህ ውል የሚያውቀው ነገር የለም። ቬናት የተባለች ሴት ከተከታዮቿ ጋር ተቃወመች፤ በመጨረሻም ዓለሙን 14 ቦታ ከፈለችው። እሷም ብትሆን የሚከፈሉትን ሰዎች አላስፈቀደችም፤ ስለዚህ ንጹሕ እጅ የለም። ከመከፈል የተረፈው ኤሜት-ሴልች ደግሞ በተከፈሉት ዓለማት የሚኖሩት ሙሉ ሰዎች አይደሉምና እነሱን ማጥፋት ነፍስ መግደል አይባልም ብሎ ይከራከራል።

ተረት ነው ብለን እንዳናልፈው ሜክሲካዎች (አዝቴኮች) አሉ። በእምነታቸው አማልክት ቴኦቲዋካን ላይ ራሳቸውን ሠውተው ፀሐይን አስነሥተዋል፤ ስለዚህ የሰው ልጅ ባለዕዳ ነው። ሆኖም በቴኖችቲትላን ታላቁ ቤተ መቅደስ ከተሠዉት ብዙዎቹ በጦርነት የተማረኩ የሌላ አገር ሰዎች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2015 ሜክሲኮ ሲቲ ውስጥ በተገኘው የራስ ቅሎች ግንብ መካከል የሴቶችና የሕፃናት ቅሎችም ተለይተዋል። ዕዳው የሁሉም ነው ተባለ፤ ሒሳቡ የተላከው ግን ለጎረቤት ነው።

በሁለቱም ታሪኮች የመጀመሪያው መስዋዕት እውነተኛ ነው። የሚያስፈራውም ይኸው ነው። ራሱን የሰጠ ሰው ክብር፣ ሌላውን ለመስጠት ፈቃድ ሆኖ ያገለግላል። «እነዚያ ለእናንተ ሞተዋል» ሲባል ማን ደፍሮ ይከራከራል?

እኛ ግን አንዲት ጥያቄ ይዘናል። ከእንግዲህ «መስዋዕትነት ያስፈልጋል» የሚል ሲገጥመን ግሱን እንጠይቀው፦ መሆን ነው ወይስ ማድረግ?