ማዕድና ዝና፦ ብሪታኒያና ጃፓን

በሐምሌ 2005 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) የፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ዣክ ሺራክ ከጀርመንና ከሩሲያ መሪዎች ጋር ሲጨዋወቱ፣ ምግቡ ይህን ያህል የከፋ ሕዝብ እንደማይታመን፣ ከእንግሊዝ የሚብሰውም የፊንላንድ ብቻ እንደሆነ መናገራቸውን አንድ የፓሪስ ጋዜጣ አወጣ። በዚያው ሳምንት የ2012 ኦሊምፒክ ፓሪስን አልፎ ለለንደን ተሰጠ። ሺራክ አዲስ ነገር አልተናገሩም፤ ዓለም ለብዙ ዘመን ሲለው የኖረውን ደገሙ እንጂ። ስለ ጃፓን ምግብ ግን እንዲህ ብሎ የሚያስቅ መሪ ዛሬ አይገኝም። ዩኔስኮ እንኳ ዋሾኩ የተባለውን የጃፓን ባህላዊ አመጋገብ በ2013 በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ አስፍሮታል።

ሁለቱም ደሴቶች ናቸው፤ ሁለቱም ዘውድና ሻይ ያከብራሉ። ዝናቸው እንዲህ የተራራቀው ለምንድን ነው? መልሱን በምላስ ብቻ መፈለግ ከንቱ ድካም ይመስለኛል፤ የማዕድ ዝና የታሪክና የኃይል ጉዳይም ነውና።

ከመቶ ሃምሳ ዓመት በፊት ተማሪዋ ጃፓን እንደነበረች ልብ ይሏል። የምዕራባውያን ጉልበት ከሥጋ የመነጨ ነው ብለው ያመኑ ሹማምንት፣ ሥጋ መብላት ለዘመናት ነውር በነበረበት አገር፣ ንጉሠ ነገሥት ሜይጂ በ1872 የከብት ሥጋ መብላታቸውን በይፋ አስነገሩ። ባሕር ኃይሉም የተቀረጸው በብሪታኒያ አምሳል ነበር። ለንደን የተማረው የባሕር ኃይሉ ሐኪም ታካኪ ካኔሂሮ፣ መርከበኞቹን የሚፈጀው ቤሪቤሪ የተባለው በሽታ ከአመጋገባቸው የመጣ መሆኑን ጠረጠረ፤ ምግባቸው በአብዛኛው የተፈተገ ነጭ ሩዝ ነበርና። በ1884 ጹኩባ የተባለችው መርከብ በተለወጠ ስንቅ ረጅም ጉዞ ሄዳ ስትመለስ በሽታው ከሞላ ጎደል ጠፍቶ ነበር። (ታካኪ ምክንያቱን የፕሮቲን ማነስ አድርጎት ነበር፤ ጉድለቱ የቪታሚን መሆኑ የታወቀው ኋላ ነው።) ምድር ጦሩ ግን አልሰማም። ነጭ ሩዝ የክብር ምግብ፣ ለድሃ ገበሬ ልጅም የውትድርና ማባበያ ነበር። ከሩሲያ ጋር በ1904 እና በ1905 በተደረገው ጦርነት 27,000 ያህል የጃፓን ወታደር በቤሪቤሪ አለቀ።

የብሪታኒያ ነገር የተገላቢጦሽ ነው። ኢንዱስትሪ ገበሬውን ከሌላው አገር ቀድሞ ከመሬቱ ስላፈናቀለው የጓዳው ባህል ቀድሞ ሳሳ፤ መኳንንቱም በፈረንሳይ አብሳዮች ይመኩ ነበር። ስሙን ይበልጥ የቀበረው ግን ራሽን ይመስለኛል። በጥር 1940 ተጀምሮ እስከ ሐምሌ 1954 ቆየ፤ ዳቦማ በራሽን የተሰፈረው ከድል በኋላ፣ ከ1946 እስከ 1948 ነበር። በጦርነቱ ጊዜ አገሪቱን የረገጡት የአሜሪካ ወታደሮች የቀመሱት ያንን ማዕድ ነው፤ አገራቸው ገብተው ያወሩትም ያንኑ ነው። ሆኖም የተናቀው ማዕድ በብሪታኒያ ታሪክ ከታዩት ሁሉ ፍትሐዊው ነበር ለማለት እደፍራለሁ። ጌታውም ሎሌውም የራሽን ደብተሩን ይዞ ተሰለፈ፤ በጦርነቱ ማብቂያም የሕፃናት ሞት ከመጀመሪያው አንሶ ተገኘ።

ጃፓንም ከሽንፈት በኋላ ተርባ፣ የትምህርት ቤት ልጆቿን በአሜሪካ ዱቄትና የዱቄት ወተት መግባለች። ሱሺ ሎስ አንጀለስ ላይ ሥር የሰደደው በ1960ዎቹ፣ የጃፓን ነጋዴዎችና ሸቀጦች ባሕር በተሻገሩበት ጊዜ ነው። በ2006 የግብርና ሚኒስቴሩ በውጭ አገር ያሉ የጃፓን ምግብ ቤቶችን ትክክለኛነት አረጋግጣለሁ ብሎ ተነሥቶ፣ የአሜሪካ ጋዜጦች «የሱሺ ፖሊስ» እያሉ ተሳለቁበት። ለስሙ የሚቆረቆር መንግሥት ያለው ማዕድ ነው።

ካሪን ሁለቱም ይበላሉ። ብሪታኒያ ከሕንድ ወሰደችው፤ የጃፓን ባሕር ኃይል ከብሪታኒያ ተማረው፤ አሠራሩም በ1908 የባሕር ኃይሉ የምግብ ዝግጅት መጽሐፍ ሰፍሯል። በ2001 የብሪታኒያ ውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የነበሩት ሮቢን ኩክ ቺክን ቲካ ማሳላን እውነተኛ የብሪታኒያ ብሔራዊ ምግብ ብለው አወደሱት። ስለ ካሪ ሲወራ ቤንጋል ብዙም አይነሣም። ጃፓን በ1942 በርማን ስትይዝ ወደዚያ የሕንድ ግዛት ይገባ የነበረው የበርማ ሩዝ ተቋረጠ፤ የብሪታኒያ ሹማምንት ደግሞ ለጠላት እንዳይውል በማለት ከባሕር ዳርቻው ጀልባና ሩዝ ሰበሰቡ። በለንደን ጌታና ሎሌን ያሰለፈው ደብተር ለቤንጋል ገበሬ አልተዘረጋም። በ1943 በተነሣው ረኃብ ያለቀው ሕዝብ ከ2 እስከ 3 ሚሊዮን ይገመታል።